ኮርኒስ ወለል አይደለም፦ በድሬዳዋና በሐረር ከጣሪያ ሥር ዕቃ ስለማስቀመጥ

ቤት የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ ስለ ጣሪያ የሚያስበው መጨረሻ ላይ ነው። ገንዘቡ መሠረቱና ግንቡ ላይ አልቆ፣ ዝናብ ሳይመጣ ቆርቆሮው እንዲመታ ይቻኮላል፤ ትራሱ (ቆርቆሮውን የሚሸከመው የጣሪያ አጥንት) እንዴት ይዋቀር የሚለው ሙሉ በሙሉ ለአናጺው ይተዋል። ዓመት ሁለት ዓመት ተኖሮበት ዕቃ ሲበዛ ደግሞ ዓይን ወደ ላይ ያማትራል። የእንግዳ ፍራሽ፣ የተረፈ ሴራሚክ፣ የድግስ ድስት፣ የልጆች አሮጌ ደብተር መኝታ ቤቱን ሲያጣብቡ፣ ከኮርኒሱ በላይ ያ ሁሉ ቦታ ባዶውን መቀመጡ ያናድዳል። አናጺ ይጠራል፣ ኮርኒሱ ጥግ ላይ ይቀደዳል፣ ዕቃው መውጣት ይጀምራል። የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ቦታው አለ፤ ዕቃውን የሚሸከም ነገር ግን የለም። የሚሸከመው ነገር ደግሞ ጣሪያው ከመመታቱ በፊት ቢታሰብ በጥቂት ብር ይገኛል፤ ከተመታ በኋላ ግን ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ነው።

የተለመደው ኮርኒሳችን 4 በ5 ሴ.ሜ. ሞራሌ (በመጋዝ የተሰነጠቀ ቀጭን እንጨት) በ60 በ60 ሴ.ሜ. እየተገጣጠመ ከሥሩ 8 ሚ.ሜ. ቺፕውድ የሚመታበት ነው። ሁሉም ተደምሮ በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የተሠራውም ይህንኑ የራሱን ክብደት እንዲይዝ ብቻ ነው። ሞራሌው ከትራሱ ጋር የሚገናኘው በቁራጭ እንጨትና በአንድ ሁለት ሚስማር ነው። ሚስማር ወደ ጎን ሲገፋ ጠንካራ ነው፤ በቁመቱ ወደ ታች ሲጎተት ግን፣ በተለይ እርጥብ ሳለ ተመትቶ በኋላ በደረቀ ባሕር ዛፍ ውስጥ፣ እየላላ ይወጣል። አሁን አንድ ኩንታል ማሽላ አስቡ። 100 ኪሎ ነው፤ ተኝቶ የሚይዘው ግማሽ ካሬ ያህል ነው። ስለዚህ ያ ቦታ በካሬ 200 ኪሎ ተጫነበት ማለት ነው። ይህ የመኖሪያ ቤት ወለል ሲሰላ የሚወሰደው ጭነት ነው። የተረፈ ሴራሚክ ደግሞ ከመጠኑ በላይ ያታልላል፦ አንዱ ካርቶን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ስለሚደርስ፣ አራት ካርቶን ሲደራረብ ኩንታሉን ይስተካከላል ወይም ይበልጠዋል፤ ያውም ከኩንታሉ ባነሰ ቦታ ላይ።

ጣሪያ ሥር ዕቃ ማስቀመጥ የዕለት ልማድ በሆነበት በአሜሪካ፣ የመኖሪያ ቤት ኮዱ ቦታውን ለሁለት ከፍሎ ያያል። ዕቃ የማይቀመጥበት ጣሪያ ሥር በካሬ 50 ኪሎ ገደማ፣ መጠነኛ ዕቃ የሚቀመጥበት ደግሞ 100 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ይሰላል። እኛም ለፍራሽ፣ ለድስት፣ ለሻንጣ የሚሆን ቆጥ ስንሠራ 100 ኪሎ በካሬን መነሻ ብናደርግ ተገቢ ነው። የቆጡን የራሱን ክብደት 25 ኪሎ ብለን ስንጨምርበት 125 ይሆናል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የእንጨትና የብረት ልኮች በሙሉ በዚህ ቁጥር የተሰሉ ናቸው። እህል በኩንታል ለማስቀመጥ ያሰበ ሰው ግን ስለ ቆጥ ይርሳ፤ እህሉ መሬት ላይ፣ ከወለሉ ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይቀመጥ።

ሁለቱ ከተሞች

ድሬዳዋና ሐረር በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ቢራራቁም ጣሪያቸው የሚገጥመው ፈተና ለየቅል ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በዚህ ልዩነት የተነሳ አንዱ ከተማ ውስጥ የሚሠራ ምክር ሌላው ውስጥ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ድሬዳዋ ላይ ጠላቱ ሙቀት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ፣ በተለይ የዛገ ወይም ጠቆር ያለ ቀለም የተቀባ ከሆነ፣ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል። ከሥሩ ያለው አየር መውጫ ካላገኘ አብሮ ይጋላል። እዚያ ውስጥ ፎቶግራፍ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ፕላስቲክ ይሰባበራል፣ መድኃኒት ኃይሉን ያጣል፣ ሻማና ቅቤ ይቀልጣል፣ ባትሪ ያብጣል። የሐረር ቡናም ቢሆን በማዳበሪያ ተቋጥሮ እዚያ ቢከርም ጣዕሙን ይዞ አይወርድም። የጋዝ ሲሊንደር፣ ኬሮሲን፣ የቀለም ማቅጠኛ ፈጽሞ እዚያ አይወጡም፤ ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ሙቀቱን የሚችሉት የብረትና የሸክላ ዕቃዎች፣ የድንኳን ብረት፣ የአጎበርና የአልጋ ፍሬሞች፣ ትርፍ የውሃ ቧንቧዎች ናቸው። ፍራሽና ብርድ ልብስም ይችላሉ፤ ዋናው ከቆርቆሮው ቢያንስ 30 ሴ.ሜ. መራቃቸው ነው።

ከፍ ያለ ቦታ ለድሬዳዋ ሰው ከምቾት ያለፈ ትርጉም አለው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው ሲገድል፣ የቤት ካርታ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት ሰርተፊኬትም አብሮ ነው የተወሰደው። ወንዙ ዳር ለሚኖር ቤተሰብ ሰነድ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ነገር ግን ከኮርኒስ በላይ ከሚጋለው አየር ውስጥ መሆን የለበትም። ኮርኒሱ 2.8 ወይም 3 ሜትር ከፍታ ካለው፣ ከኮርኒሱ በታች ግድግዳው ላይ በጠንካራ ቅንፍ የታሰረ መደርደሪያ ለሰነድ ከሁሉም ይሻላል። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ኮርኒሳቸው ከፍ ያሉ የድሮ ቤቶች ለዚህ የተመቹ ናቸው።

ሐረር ላይ ጠላቱ እርጥበት ነው። ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ሲቀዘቅዝ ቆርቆሮው ከአየሩ ቀድሞ ይበርዳል። ከማድ ቤትና ከመኝታ ቤት በኮርኒሱ ቀዳዳ የሾለከው እንፋሎት የበረደውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆናል፣ ንጋት ላይ ይንጠባጠባል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ቆርቆሮው አፈሰሰ ብሎ ሚስማር ሁሉ በማስቲሽ ያስደፍናል። ዝናብ ባልዘነበበት ሌሊት ማግስት የረጠበ ጣሪያ ግን አያፈስም፤ ላብ ነው። መፍትሔው ማስቲሽ ሳይሆን የማድ ቤቱን እንፋሎት በጭስ ማውጫ ቀጥታ ከቤት ማስወጣትና ከኮርኒስ በላይ ያለው አየር እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ነው። ስፌት፣ መሶብ፣ መጽሐፍና የሐር ልብስ ለእንደዚህ ዓይነት ጣሪያ አይሰጡም። የግድ ከሆነ ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ በደረቅ ወራት ታሽገው ይቀመጡ።

ለሁለቱም ከተሞች አንድ ዓይነት የሆነው የአየር መውጫው ልክ ነው። የኮርኒሱን ስፋት ለ150 አካፍሉ፤ 60 ካሬ ኮርኒስ ያለው ቤት 0.4 ካሬ፣ ማለትም 4,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ግማሹ ዝቅ ብሎ በክፈፉ ሥር፣ ግማሹ ከፍ ብሎ በሁለቱ የጎን ሦስት ማዕዘን ግድግዳዎች ጫፍ ላይ ይሁን። ሁሉም ከላይ ወይም ሁሉም ከታች ከሆነ አየሩ አይዞርም። ወንፊት ሽቦ መምታት ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ የሌሊት ወፍ፣ እርግብና አይጥ ቤታቸው ያደርጉታል። ወንፊቱ ራሱ የክፍቱን ሲሶ ያህል ሊደፍን ስለሚችልና የድሬዳዋ አቧራም ቶሎ ስለሚሞላው፣ ቀዳዳውን ከስሌቱ ሰፋ አድርጎ መተውና ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መጥረግ ያስፈልጋል። ድሬዳዋ ላይ በተጨማሪ ከቆርቆሮው ሥር የሚያንጸባርቅ የአሉሚኒየም ፎይል ቢወጠር ሙቀቱን በእጅጉ ይቀንሳል። ፎይሉ ግን ከቆርቆሮው ጋር መጣበቅ የለበትም፤ ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ. አየር በመካከል ከሌለ ሙቀቱ በቀጥታ ይተላለፋል፣ ገንዘቡም በከንቱ ይቀራል።

የጣሪያው አካል

ከሁሉ በፊት ተዳፋቱን እንመልከት፣ ምክንያቱም ከጣሪያ ሥር የሚገኘውን ቦታ የሚወስነው እሱ ነው። 8 ሜትር ስፋት ያለው፣ በሁለት በኩል የሚያፈስ ጣሪያ ይኑረን። አናቱ ከግድግዳው 1.2 ሜትር ቢነሳ፣ ከ90 ሴ.ሜ. በላይ ከፍታ የሚገኘው መሃል ላይ በ2 ሜትር ስፋት ብቻ ነው። አናቱን ወደ 1.8 ሜትር ብናነሳው ያ ስፋት 4 ሜትር ይሆናል። የቆርቆሮው ርዝመት ደግሞ በአንድ ጎን ከ4.18 ወደ 4.39 ሜትር፣ ማለትም በ5 በመቶ ብቻ ያድጋል። በ5 በመቶ ቆርቆሮ እጥፍ ቦታ ማለት ነው። እርግጥ የጎን ግድግዳው ሦስት ማዕዘን ከፍ ስለሚል ብሎኬት ይጨምራል፣ ነፋስም የበለጠ ያገኘዋል። ቢሆንም እኔ ቆጥ ለሚፈልግ ቤተሰብ ይህን ለውጥ ያለ ማመንታት እመርጥለታለሁ። በአራት በኩል የሚያፈስ ጣሪያ ጎኖቹን ስለሚበላ ቦታ ይቀንሳል። ከፓራፔት (ከጣሪያው ከፍ ብሎ ከሚቆም የግድግዳ ጫፍ) ጀርባ የሚደበቀው ለጥ ያለ ጣሪያ ደግሞ ከፊት ያምራል እንጂ ለዕቃ የሚሆን ምንም የለውም፤ አሸንዳው ሲደፈን ውሃው ወደ ውስጥ መውረዱም ሌላ ጣጣ ነው።

ተዳፋቱን ማንሳት ሌላም ጥቅም አለው። ሁለት ወራጆች (ቆርቆሮውን በተዳፋት የሚሸከሙት ሰያፍ እንጨቶች) አናት ላይ ተደግፈው ሲቆሙ ሥራቸው ወደ ውጭ መንሸራተት ይፈልጋል። ይህን የሚይዘው የታችኛው አግዳሚ እንጨት ነው፤ ብዙ ሰው ኮርኒስ ለመስቀል ብቻ የተቀመጠ ይመስለዋል። 6 ሜትር ስፋት ባለው ቤት፣ ትራሶቹ በ1.2 ሜትር ቢራራቁና የጣሪያው ጭነት ቆርቆሮውን፣ እንጨቱን፣ ኮርኒሱንና ለጥገና የሚወጣውን ሰው ጨምሮ በካሬ 70 ኪሎ ቢሆን፣ አናቱ 1.5 ሜትር ሲነሳ እያንዳንዱ አግዳሚ 250 ኪሎ ገደማ ይጎተታል። አናቱ 90 ሴ.ሜ. ብቻ ከሆነ ጉተታው ወደ 420 ኪሎ ያድጋል። ዕቃ ለማሳለፍ ተብሎ ይህ አግዳሚ ሲቆረጥ፣ ያ ሁሉ ጉተታ በአንድ ጊዜ ወደ ግድግዳው ይዞራል። የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ሲጫኑት ይችላል እንጂ ወደ ጎን ሲገፉት አይችልም። ከላይኛው ቢም ሥር በአግድም የሚሄድ ስንጥቅ፣ መሃሉ ጎበጥ ያለ የጣሪያ አናት፣ በድንገት መዝጋት የሚያስቸግር በር ካያችሁ፣ መጀመሪያ ከኮርኒስ በላይ ገብታችሁ የተቆረጠ እንጨት ፈልጉ።

በትራሱ ውስጥ ያሉት ቋሚና ሰያፍ እንጨቶችም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ሲነሳ ሌሎቹ ያልታሰበላቸውን ይሸከማሉ። መሃሉ ባዶ የሆነ ትራስ የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው በሁለት ቋሚዎች መካከል አራት ማዕዘን ክፍት ቦታ የሚተው ቅርጽ ያሠራ። እዚህ ግን የታችኛው አግዳሚ ከጉተታው በተጨማሪ እንደ ወለል ተሸካሚ ይጎብጣል። ስለዚህ ውፍረቱ ከሌላው የተለየ መሆን አለበት፤ ወይም ከመሃሉ ሥር የሚደግፈው ግድግዳ ያስፈልገዋል። ያ ግድግዳ በአናቱ ቢም ያለው የብሎኬት ግድግዳ ይሁን እንጂ ክፍል ለመክፈል የቆመ ቺፕውድ አይሁን። ይህን ዓይነት ትራስ ያለ መሐንዲስ ስሌት ማሠራት አልመክርም።

ባሕር ዛፍ ወይስ ብረት? በሁለቱም አካባቢ የተለመደው ባሕር ዛፍ ነው፦ ለላይኛውና ለታችኛው አካል ከ10 እስከ 12 ሴ.ሜ.፣ ለውስጥ ድጋፎች 8 ሴ.ሜ. ገደማ ውፍረት ያለው፤ በላዩም 5 በ7 ሞራሌ በ90 ሴ.ሜ. ርቀት። ጥሩ ተሠርቶ የደረቀ ባሕር ዛፍ የሚናቅ አይደለም። የሚበላሸው እርጥብ ሲሰቀል ነው። ሲደርቅ ይጠመዘዛል፣ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩን ይለቃል። ልጣጩ ካልተላጠ ነቀዝ ከሥሩ ይራባል። ከምስጥ ለመከላከል የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ዕቃና የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት ጣሪያ ሥር በዘይት የራሰ እንጨት ማየት አልወድም። እሳት ከተነሳ ያቀጣጥለዋል፣ ኮርኒሱም ላይ ይንጠባጠባል። ለምስጥ የተሠራ የእንጨት መድኃኒት ይሻላል፣ እንጨቱንም ቢሙ ላይ ሲቀመጥ ከሲሚንቶው በወፍራም ላስቲክ መለየት ብዙ ዕድሜ ይጨምራል።

መገጣጠሚያው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ትራስ የሚወድቀው እንጨቱ ተሰብሮ ሳይሆን ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያው ተላቆ ነው። ወራጁና አግዳሚው ግድግዳው ላይ የሚገናኙበት ጫፍ ከሁሉም የበለጠ ኃይል ያለበት ቦታ ነው። አናጺው እዚያ ላይ ሦስት አራት ባለ 10 ሴንቲ ሚስማር ጫፉ አጠገብ ደርድሮ ይመታል። እንጨቱ በዚያው ቅጽበት በቁመቱ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ሲደርቅ ይሰፋል። ሚስማር ከእንጨቱ ጫፍ ቢያንስ 6 ሴ.ሜ. ይራቅ፤ ሁለት ሚስማርም በአንድ መስመር ላይ አይከታተል፣ አንዱ ከሌላው ፈንጠር ይበል። ዕቃ የሚቀመጥበት ትራስ ከሆነ ግን በእያንዳንዱ የዳር መገጣጠሚያ ላይ ባለ 12 ሚ.ሜ. ብሎን በሁለቱም በኩል ከሰፊ ሮንዴላ ጋር ይግባ። ቀዳዳው በመሰርሰሪያ ይበሳ፣ ከጫፉ ከ8 እስከ 9 ሴ.ሜ. ይራቅ። ከአንድ በጋ በኋላ እንጨቱ ሲቀጥን ብሎኑ ይላላል፤ በቁልፍ እንደገና ማጥበቅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ብረት ምስጥ አይበላውም፣ አይጠመዘዝም። ለድሬዳዋ እኔ የምመርጠው አርኤችኤስ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ነው፤ ቆጡን ደግሞ በእንጨት። ሁለት ነገር ግን ልብ ይባል። አንደኛው ውፍረቱ ነው። 60 በ40 ሆኖ ግድግዳው 2 ሚ.ሜ. የሆነው ባለ 6 ሜትር ብረት 18 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከውጭ አንድ የሚመስለው ባለ 1.2 ሚ.ሜ. ደግሞ 11 ኪሎ ገደማ ነው። 80 በ40 በ2 ከሆነ 22 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ሚዛን ላይ ማውጣት ከማንኛውም ማረጋገጫ ይበልጣል። ሁለተኛው የሙቀት መስፋት ነው። 10 ሜትር ብረት በሌሊትና በቀን መካከል ሙቀቱ 40 ዲግሪ ቢለያይ 5 ሚ.ሜ. ገደማ ይረዝማል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም የቆርቆሮው ብሎን ቀዳዳውን ያሰፋል፣ ከሥሩ ያለው ላስቲክም በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ የሚገባው ውሃ የሚያርፈው ባስቀመጣችሁት ዕቃ ላይ ነው። ብሎኑ ወይም ሚስማሩ ምንጊዜም በቆርቆሮው ጎባጣ ላይ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ላይ አይመታ። የተበየደበት ቦታ ሁሉ ከመሰቀሉ በፊት ዝገት መከላከያ ይቀባ፣ ከተሰቀለ በኋላ ማንም ወጥቶ አይቀባውም።

ቀላል ጣሪያ ሌላም ጠባይ አለው፦ ነፋስ ያነሳዋል። 0.4 ሚ.ሜ. የሆነው 28 ጌጅ ቆርቆሮ በካሬ 4 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የላይኛው ቢም ሲሞላ በእያንዳንዱ ትራስ ቦታ 8 ሚ.ሜ. ፌሮ በሁለት ወገን ወጥቶ መቅረት፣ ትራሱ ሲቀመጥም በላዩ ታጥፎ መታሰር አለበት። ቢሙ ከደረቀ በኋላ ይህን ማምጣት እጅግ ያስቸግራል። ቆጥ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ክብደት ጣሪያውን ወደ ታች ይይዝልኛል ብሎ ማሰብም አይገባም፤ ዕቃው ይወርዳል፣ ነፋሱ ግን ቀጠሮ የለውም።

በግንብ በታጠረው አሮጌው ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ያሉት የቀድሞ ቤቶች በዚህ በኩል ተቃራኒ ናቸው። ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ሲሆን፣ ተቀራርበው በተደረደሩ እንጨቶች ላይ አፈር ተደልድሎ የተሠራ ነው። 20 ሴ.ሜ. አፈር ብቻ በካሬ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳም ይህን እንዲችል የተገነባ ነው። ያ አፈር ተነስቶ ቆርቆሮ ሲተካ ግድግዳው ትልቅ ሸክም ይቀልለታል፣ ጣሪያው ግን ክብደቱን ስላጣ ነፋስ የማያውቀው ቤት ነፋስ ማወቅ ይጀምራል። ትራሱን በድንጋዩ ግድግዳ ላይ ዝም ብሎ ማስቀመጥ አይበቃም፤ በግድግዳው አናት ዙሪያውን የሚያስር ቢም ወይም የእንጨት መቀነት ሊኖረው ይገባል። አፈሩ ሳይነሳ በላዩ ቆርቆሮ የተመታባቸው ቤቶች ላይ ደግሞ ከሥር ያሉት እንጨቶች ጤንነት ሳይታይ አንድም ዕቃ መጨመር የለበትም። እንጨቱን በጩቤ ጫፍ ውጉት፤ ከ1 ሴንቲ በላይ ያለ ችግር ከገባ በስብሷል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ የጣሪያን ቅርጽና ከፍታ ለመቀየር ከሥራው በፊት ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ቤቶቹ እንደነበሩ እንዲቆዩ መፈለግ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

ቤቱ ተሠርቶ ካለቀስ?

ጣሪያው ተመትቶ፣ ኮርኒሱ ተዘግቶ ላለው ቤት የምሰጠው ምክር አንድ ነው። ትራሱን ተዉት፤ ቆጡን በግድግዳ ላይ ሥሩ። ምርጡ ቦታ ከኮሪደር ወይም ከመታጠቢያ ቤት በላይ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱ ግድግዳዎች ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ብቻ ይራራቃሉ፣ ኮሪደርም ጣሪያው ዝቅ ቢል አያስጨንቅም። ከወለል እስከ ቆጡ ሥር 2.1 ሜትር ከተተወ፣ 2.8 ሜትር ከፍታ ባለው ቤት ከኮርኒሱ በታች 55 ሴ.ሜ. ያህል የዕቃ ቦታ ይገኛል። ያውም ከቆርቆሮው ሙቀት ተለይቶ።

የርቀት ጉዳይ ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። 5 በ7 ሞራሌ በ7 ሴንቲው ወገን ቆሞ በ1.5 ሜትር ክፍተት ላይ ሲቀመጥ፣ በእያንዳንዱ ሜትር 100 ኪሎ ገደማ ብዙ ሳይጎብጥ ይሸከማል። በ60 ሴ.ሜ. ርቀት ከተደረደረ የሚደርሰው 75 ኪሎ ስለሆነ ይበቃዋል። ይኸው ሞራሌ በ3 ሜትር ክፍተት ላይ ሲሆን አቅሙ በሜትር ወደ 12 ኪሎ ይወርዳል። ክፍተቱ እጥፍ ሆነ፣ አቅሙ ግን ስምንት እጅ ቀነሰ። ሞራሌው በ5 ሴንቲው ወገን ከቆመ ደግሞ ጥንካሬው በግማሽ ያንሳል። ይህን የሚያውቅ ሰው በሰፊ ሳሎን ላይ በሞራሌ ቆጥ አይሠራም። 3 ሜትር የግድ ከሆነ 80 በ40 በ2 ሚ.ሜ. አርኤችኤስ በ8 ሴንቲው ቆሞ በ60 ሴ.ሜ. ርቀት መደርደር አለበት፤ 60 በ40 ከሆነ በ30 ሴ.ሜ. ርቀት። ዋጋውን ስታስሉት ኮሪደሩ ለምን እንደሚሻል ይገባችኋል።

ተሸካሚው ግድግዳው ላይ እንዴት ያርፍ? ባዶ ብሎኬት ተበስቶ ጫፉ ውስጥ ቢገባ ቀጭኑ የብሎኬት ግድግዳ ይሰበራል። በሁለቱም በኩል የተሸካሚው ጫፍ በሚያርፍበት የብሎኬት ቀዳዳ ውስጥ ኮንክሪት ተሞልቶ ሲጠነክር ተሸካሚው በላዩ ቢያንስ 10 ሴ.ሜ. ይረፍ። ሌላው መንገድ የብረት ማዕዘን በግድግዳው ርዝመት ሁሉ ላይ በየ60 ሴ.ሜ. በሚያልፍ ብሎንና በሌላው ወገን በሰፊ ላሜራ ማሰር ነው። ተራ የፕላስቲክ ፊሸር ባዶ ብሎኬት ውስጥ ለዚህ ጭነት አይታመንም።

ለወለሉ ድሬዳዋ ላይ 2.5 ሴ.ሜ. ጣውላ በ1 ሴ.ሜ. ክፍተት እየተደረደረ ቢመታ አየር ያሳልፋል። ሐረር ላይ 18 ሚ.ሜ. ኮምፔንሳቶም ይሆናል። ቺፕውድ ግን በሁለቱም ቦታ አይሆንም፤ በእርጥበት ያብጣል፣ በጭነት እየጎበጠ ይቀራል። ጠርዙ ላይ 10 ሴ.ሜ. ከፍታ ያለው መከልከያ ጣውላ ይመታ። ታኅሣሥና ጥር 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የነበሩት ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጦች ስምጥ ሸለቆው ጎረቤታችን መሆኑን አስታውሰውናል፤ ከራስ በላይ የተቀመጠ ድስት ሲንሸራተት የሚያቆመው ያ ጣውላ ነው። በዚሁ ምክንያት ቆጥ ከአልጋ በላይ አይሠራም። የውሃ ሮቶም ቢሆን ከ1,000 ሊትር ውሃ ጋር አንድ ቶን ስለሆነ ቦታው መሬት ላይ በቆመ የራሱ የብረት ማማ ላይ እንጂ ጣሪያው ላይ አይደለም።

ሽቦውን ሳያዩ ዕቃ መጫን ደግሞ ለእሳት መንገድ መክፈት ነው። ከኮርኒስ በላይ ያሉ የሽቦ መገናኛዎች በሳጥን ውስጥ ተዘግተው፣ ሽቦዎቹም በቱቦ ውስጥ ካላለፉ፣ አይጥ ይቀረጥፋቸዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ከሆነ 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ያ መስመር ምጣዱ በተጣደ ቁጥር ይሞቃል። በላዩ ፍራሽ ወይም ጨርቅ ከተጫነበት ሙቀቱ መውጫ ያጣል። የስፖት መብራት ጀርባም እንዲሁ ነው፤ ዙሪያው 20 ሴ.ሜ. ያህል ነጻ ይሁን። የምጣዱን መስመር መንገድ በኖራ ወይም በቀለም ምልክት አድርጉበት።

ከኮርኒስ በላይ የሚያስወጣው ቀዳዳ 60 በ75 ሴ.ሜ. ቢሆን ሰውም ሻንጣም ያስገባል፤ የተቆረጠው የኮርኒስ ሞራሌ ዙሪያውን በድርብ ሞራሌ ይታሰር። መሰላሉ 4 ክንድ ሲወጣ ሥሩ ከግድግዳው 1 ክንድ ይራቅ። አንድ ሰው በአንድ እጁ መሰላሉን ይዞ ሊያወጣው የማይችለው ዕቃ እዚያ መውጣት የለበትም፤ 15 ኪሎ ጥሩ ወሰን ነው።

ቆጡ ዕቃ ሳይጫንበት ከተሸካሚው ሥር ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ወጥሩና መሃል ላይ በሲባጎውና በተሸካሚው መካከል ያለውን ርቀት ለክታችሁ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጻፉት። ዕቃው በተጫነ በሳምንቱና ከአንድ ክረምት በኋላ እንደገና ለኩ። በ1.5 ሜትር ክፍተት ላይ ከ5 ሚ.ሜ.፣ በ3 ሜትር ላይ ከ10 ሚ.ሜ. በላይ ወርዶ ከተገኘ ግማሹን ዕቃ በዚያው ቀን አውርዱና በየሁለቱ ተሸካሚ መካከል አንድ አንድ ጨምሩ።